የጋሽ ከድር ዋስ

የጋሽ ከድርን ሞት የሰማሁት ስቶር ውስጥ ቆሜ ለአንድ ደንበኛ ሲጋራ እየሰጠሁ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። የደወሉት ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ናቸው። "ጽጌ፣ ጋሽሽ ሄዱ" አሉኝ። ደንበኛውን ሸኘሁ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ከዚያ ቀኝ ወገቤ ላይ የነበረውን ሽጉጥ አወጣሁ። የጥይት ካዝናውን ነቀልኩ፣ የጎረሰውን ጥይት አስተፋሁ፣ አንዴ አየሁ፣ ሁለቴ አየሁ፣ ሦስተኛውን በጣቴ ዳበስኩ። ከጓዳ ያለው የብረት ሳጥን ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩበት። ያለቀስኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚመጣው እንባ ነው ይባላል። እኔ ግን መጀመሪያ ትጥቄን ፈታሁ። ይሄን ሳደርግ ቢያዩኝ የማይገርማቸው አንድ ሰው ራሳቸው ጋሽ ከድር ብቻ ነበሩ። ዋሴ እሳቸው ነበሩ። ዋስ የሌለው ሰው አይታጠቅም፤ የጋሽ ከድር ሕግ ይሄ ነው፣ ይግባኝ የለውም።

ከመጀመሪያው ልጀምር። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ ከዴንቨር ጎን ባለችው ኦሮራ ውስጥ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ አንዲት ጠባብ ስቶር አለችን፤ ዛሬም አለች። ባለቤቴ ታምራት ታክሲ ይነዳል፣ ስቶሩን የምይዘው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ፍጥጥ ብላ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ያወረደ ሰውዬ ገባና ሽጉጥ ደረቴ ላይ ደገነብኝ። የፈለገውን ይዞ ሄደ። አልነካኝም። "ተመስገን በይ፣ ነፍስሽ ተረፈች" አሉኝ ሰዎች። እኔም ተመስገን አልኩ። ግን ከዚያ በኋላ ለበሩ ጀርባዬን መስጠት አቃተኝ። ወተት ማቀዝቀዣው ውስጥ ስደረድር እንኳ አንገቴ ወደ ኋላ ነው። አንገቴ ታመመ፣ እውነቴን ነው።

በመጨረሻ "እኔስ ለምን አልይዝም?" አልኩና ገዛሁ። አንድ ቅዳሜ ኮርስ ወሰድኩ፣ የጣት አሻራ ሰጠሁ፣ ከሸሪፉ ቢሮ ፈቃዱ መጣልኝ። በቃ፣ ታጣቂ ሆንኩ! ሽጉጡን ቦርሳዬ ውስጥ ከሊፕስቲኬና ከልጄ የሳል ከረሜላ ጋር ከትቼ ደረቴን ነፍቼ መዞር ጀመርኩ። ታምራት ነው ያላማረው። "ጋሽ ከድርን ሳታነጋግሪማ እንዳትይዢው" አለኝ። "ደግሞ ማን ናቸው?" ብለው፣ ለካ ከተማው ውስጥ መሣሪያ የገዛ ሐበሻ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ሳይቀርብ አያልፍም።

ጋሽ ከድር ዴንቨር መሀል ከተማ፣ ፎቆች መካከል ባለ ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራሉ። የድሮው አየር ማረፊያ ስቴፕልተን ሳይዘጋ እዚያም ፓርኪንግ ነበሩ፤ አየር ማረፊያው ሲነሣና መሬቱ ላይ ቤት ሲሠራ ቡዛቸውን፣ ሒሳብ የሚቀበሉባትን ጠባብ ክፍል፣ ብቻ ቀየሩ። አገር ቤት ግን ወታደር ነበሩ፣ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ኃላፊ። ሃያ ዓመት ሙሉ መሣሪያ ሲያስረክቡና ሲረከቡ ኖረው፣ መንግሥት ሲለወጥ ግምጃ ቤታቸውን ለአዲሶቹ ቆጥረው አስረክበው ወጡ። "አንዲት ሽጉጥ አልጎደለችም" ይሉ ነበር። ይሄንን ሲሉ ኩራት የለባቸውም። ድካም ነው ያለባቸው። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ዓይናቸው ሥር ከረጢት ያለበት ሰው ነበሩ፤ ሁልጊዜ ከእንቅልፍ ያልጠገቡ ይመስላሉ።

እኔ ሳልሄድ እሳቸው መጡ። ስቶሩ ገቡ፣ ከሩቅ ሰላም አሉኝና "የት ነው?" አሉኝ።

"ቦርሳዬ ውስጥ።"

"ቦርሳሽስ?"

ዞር ብል ቦርሳዬ ከእኔ አራት እርምጃ ርቆ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ አፉን ከፍቶ። ጋሽ ከድር አልተቆጡም። የወተት ሣጥን ገለበጡና ቁጭ አሉበት፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣሉ። "አይ ልጄ" አሉኝ። "ቦርሳ ይሰረቃል። ቦርሳ ይረሳል። 'እስቲ ቦርሳዬን ያዢልኝ' ትያታለሽ ጓደኛሽን። ልጅሽ ከረሜላ ስትፈልግ ታገኘዋለች። ይሄ ከሰውነትሽ ላይ የሚኖር ነው፣ ወይ ደግሞ የተቆለፈበት። ሦስተኛ ቦታ የለውም።"

ትምህርቱ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ እሳቸው ዕረፍት ሲሆኑ ነበር። ሜዳ ሄደን የምንተኩስ መስሎኝ ነበር፤ አምስት ማክሰኞ ሙሉ ግን ሳሎናቸው ውስጥ አንዲት ጥይት ሳላይ አለፈ። አፈሙዙ ወደ ሰው አይዞርም። ጣት ቃታ ላይ አያርፍም። ባዶ ነው ቢሉሽም አትመኚ፤ አንዴ እዪ፣ ሁለቴ እዪ፣ ሦስተኛውን ዳብሺ። እሺ፣ ይሄን የቅዳሜው አስተማሪም ብሎኛል። ከዚያ በኋላ ያለውን ነው ማንም ያላለኝ።

"ዘይነባ፣ ነይ እስቲ እንግዳ ሁኚ" አሉ አንድ ቀን። እትዬ ዘይነባ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ከማጀት ወጡ። "ሰላም በያት።" እትዬ ዘይነባ ደግሞ እንግዳ ሁኚ ሲባሉ ሆኑ፤ አሥር ዓመት እንደተለየኋቸው ሁሉ "ውይ ጽጌዬ!" ብለው ተጠመጠሙብኝ። አንድ እጃቸው ትከሻዬ ላይ፣ አንዱ ወገቤ ላይ። ቀጥ ብሎ ሽጉጡ ላይ!

"ይኸውልሽ" አሉ ጋሽ ከድር። "አሜሪካኑ እጅ ጨብጦ ያልፋል። ሐበሻ ሰላም ሲልሽ የት የት እንደሚነካሽ ያ አስተማሪ በየት በኩል ያውቃል? አሁን እሷ ዛሬውኑ ለስንቱ ታወራለች መሰለሽ።"

"እኔ አላወራም!" አሉ እትዬ ዘይነባ።

"ሌላዋ ታወራለች።"

ግራ ትከሻን ሰጥቶ ቀኝ ጎንን ማሸሽ ያስተማሩኝ ያን ቀን ነው። ሠላሳ ጊዜ አሳቀፉኝ፤ እትዬ ዘይነባ ሳቅ በሳቅ ሆኑ። ለካ ሰዉ "ከድር ኩሩ ነው፣ ሰላም ሲል እንኳ ይጠየፋል" የሚላቸው ለዚህ ነው። ልጄ ቤቲ እንኳ አንዴ "ማሚ፣ ሂ ሄትስ ሀግስ" ብላኛለች፣ መታቀፍ ይጠላሉ ለማለት። እሳቸው እንደሆነ ያንን ሁሉ ሐሜት ተሸክመው ኖሩ እንጂ ለአንድም ሰው አላብራሩም።

ሕጋቸው ብዙ ነው። ካፖርት ኪስ ውስጥ በጭራሽ አይከተትም። "ሐበሻ ቤት ስትሄጂ ካፖርትሽን የት ነው የሚወስዱብሽ? መኝታ ቤት፣ አልጋ ላይ። የሰው ሁሉ ካፖርት እዚያ ይከመራል። አልጋው ላይ ማን ይጫወታል? ሕፃናት። ነገሩን ጨርሺው።" ሌባ ከመጣ ደግሞ የጠየቀው ይሰጠዋል። "ስቶሩን ልጠብቅበት ብለሽ ከሆነ የገዛሽው ዛሬውኑ መልሺው። ይሄ የሚወጣው የጠየቀውን ሰጥተሽው፣ መሸሻ አጥተሽ፣ ሊገድልሽ ሲል ብቻ ነው። ከወጣ በኋላ ደግሞ ሕይወትሽ ድሮ የነበረው አይሆንም፣ ብታሸንፊም።" ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላው ነው። "ከዛሬ ጀምሮ የመሰደብ ግዴታ አለብሽ" አሉኝ። "መኪና ቢዘጋብሽ ታሳልፊዋለሽ። ደንበኛ ቢያዋርድሽ ይቅርታ ትያለሽ። ታምራት ቢጮህብሽ ዝም ነው።"

"የታምራቱን ይተዉት ጋሼ፣ በሞቴ!"

"እንግዲያው አትታጠቂ።"

ስድስተኛው ማክሰኞ ላይ "አሁን ዋስ አምጪ" አሉኝ። የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅኩ። አገር ቤት ግምጃ ቤት ለመረከብ ዋስ ይጠራል፣ ይሄ ይታወቃል። ኮሎራዶ ውስጥ ግን ሸሪፉ የፈቀደውን ሽጉጥ በዋስ? እሳቸው ግን አልሳቁም። "ሸሪፉ ያየው ወረቀትሽን ነው። አንድ ሰው ያስፈልግሻል። 'ስጪኝ' ሲልሽ ለምን ሳትዪ የምትሰጪው። ምክንያት አይናገርም፣ አንቺም አትጠይቂም። መልሶ እስኪሰጥሽም አትለምኚም።"

ታምራትን ይዤ ሄድኩ። መለሱት። "ባል ዋስ አይሆንም። የተጣላችሁ ቀን ሽጉጡን ማን ነው የሚቀበላት?" እህቴን አልኩ፤ "ትፈሪያታለሽ?" አሉ፤ አልፈራትም። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ "እርስዎ ይሁኑኛ!" አልኳቸው። "እሺ" አሉ፣ አንድ ተጨማሪ ሸክም እንደተጫነበት ሰው።

"የእርስዎስ ዋስ ማን ነው?"

"ሞተ" አሉ። የግምጃ ቤት ጓደኛቸው ነበር፣ ሊትልተን ይኖር የነበረ። ከሞተ አራት ወሩ ነበር፤ አራቱን ወር ሙሉ የእሳቸው ሽጉጥ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነው የከረመው። ቀና ብለው ሲያዩኝ ነገሩ ገባኝ። "እንዴ ጋሼ! እኔ? እኔማ እርስዎን 'ይስጡኝ' የምልበት አፍ የለኝም።"

"አፍ ታበጂያለሽ" አሉኝ።

እሳቸው ሥራቸውን አልዘነጉም። ወንድሜ አገር ቤት የሞተ ጊዜ፣ መርዶው የመጣ ዕለት፣ ቤቴ ሰው ሞልቶ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ተቀምጫለሁ። አልበላሁም፣ አልተኛሁም፣ ከወንድሜ ጋር ተቀያይሜ ነበር የሞተብኝ። ጋሽ ከድር ገቡ፣ አጠገቤ ቁጭ አሉ፣ ጆሮዬ ሥር "ስጪኝ" አሉኝ። ደሜ ፈላ። በዚህ ሰዓት? ለቅሶ ላይ? ግን ቃል ቃል ነው፤ ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ፣ አራግፌ በፎጣ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። መልሰው ያመጡልኝ ከአርባው በኋላ ነው። ያኔ ነው "ሐዘን የገባበት ሰው ለራሱም አይታመንም" ያሉኝ። ለማንም ተናግሬ የማላውቀውን ልናገር፤ ከእነዚያ ቀናት በአንዱ ያ ሽጉጥ ቤቴ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም። እሳቸው አውቀዋል። አልጠየቁኝም፣ አልሰበኩኝም፣ ዕቃውን ብቻ ወሰዱልኝ።

የእኔ ተራ ሲደርስስ? የእኔን ነገር ባልናገረው ደስ ይለኝ ነበር።

መጀመሪያ አንድ ታሪክ ደገሙልኝ። እሺ፣ የማይደግም ማን አለ? ቀጥሎ ቡዛቸው ውስጥ ሆነው የፓርኪንጉን በር መክፈት ጠፋቸውና መኪና ተሰለፈ። ቀጥሎ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው በተቃረበበት ከተማ፣ ከቤታቸው ሁለት መንገድ ርቀው፣ መኪናቸውን ዳር ፓርክ አድርገው እትዬ ዘይነባን "የት ነው ያለሁት?" ብለው ደወሉላቸው። እኔ ይሄን ሁሉ እሰማለሁ። ማለት ያለብኝን ቃል አውቃለሁ። ግን "ድካም ነው" እላለሁ።

ከዚያ የኦሮራው ለቅሶ መጣ። የጎረቤታችን እናት አርፈው ቤቱ ጢም ብሏል፣ ክረምት ነው፣ ካፖርቱ ሁሉ መኝታ ቤት አልጋ ላይ ተከምሯል። ልሄድ ካፖርቴን ላመጣ ገባሁ። የቤቱ ባለቤት ልጅ፣ ሦስት ዓመት ያልሞላት፣ ካፖርቶቹ መካከል ጎጆ ሠርታ ተቀምጣለች። አንድ ግራጫ ካፖርት ጉልበቷ ላይ ጎትታ ኪሱን ትበረብራለች። "ከረሜላ አለ?" አለችኝ። ሳቅኩላት። ከዚያ ካፖርቱን አወቅኩት።

እንዴት እንደዘለልኩ አላውቅም። ልጅቷን አንሥቼ ወለሉ ላይ አስቀመጥኳት፣ ካፖርቱን ይዤ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ቆለፍኩ። ሽጉጡ ኪሱ ውስጥ ነው። ካዝናውን አወጣሁ፤ ሙሉ ነው። ጎትቼ አየሁ፤ ጎርሷል። አራገፍኩት። ባዶውን ሽጉጥ መልሼ ኪሱ ውስጥ ከተትኩ፣ ጥይቱን ጉያዬ ሸሸግኩ። ሁሉን ነገር በትክክል አደረግኩ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ያቺ አንዲት ቃል።

ጋሽ ከድር በሩ ጋ ቆመው ጫማቸውን ሲያስሩ ደረስኩ። "ጋሼ፣ ካፖርትዎ" አልኩ። ተቀበሉኝ። ኪሳቸው ቀለለባቸው፤ ሃያ ዓመት መሣሪያ የያዘ እጅ የባዶና የሙሉ ክብደት አይጠፋውም። ካፖርቱን አዩ፣ እኔን አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ። እግራቸው ሥር ያቺ ሕፃን መጥታ ቆማለች። ቆመው ጠበቁኝ። "ይስጡኝ" እስክል እየጠበቁኝ እንደነበር ያኔም አውቄያለሁ፣ ዛሬም አውቃለሁ። ሰው በግራም በቀኝም ይወጣል ይገባል። ትልቅ ሰው ናቸው። አስተማሪዬ ናቸው። በሰው ፊት እንዴት አዋርዳቸዋለሁ?

"ደህና ይግቡ ጋሼ" አልኳቸው።

አንገታቸውን ነቅነቅ አደረጉና ወጡ።

ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ከዚያ ቀን ወዲህ ጠላሁት። ስንቱ ነው "ምን ይሉኛል" እያለ ሰው የሚያስፈጅ! ነገ እሄዳለሁ እያልኩ ሦስት ሳምንት አለፈ። ስቶሩ ውስጥ ሕፃን ይዞ የገባ ሁሉ ያቺን ልጅ ይመስለኛል። እትዬ ዘይነባ የደወሉት አንድ ረቡዕ ጠዋት ነው፣ ድምፃቸው ጠፍቷል። "ጽጌ፣ ዛሬ ከገበያ ስገባ 'ማን ነሽ?' አሉኝ። እጃቸው ወገባቸው ላይ ነበር።"

ስቶሩን ዘግቼ እንዴት እንደነዳሁ አላስታውሰውም። እትዬ ዘይነባ ከነፌስታላቸው ውጭ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመዋል። ገባሁ። ጋሽ ከድር ሶፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ ቀበቶአቸውን አጥብቀው። አዩኝ። አላወቁኝም። እውነቱን ለመናገር በሩን ከፍቼ መሮጥ ነው ያማረኝ።

"ጋሼ፣ ይስጡኝ።"

"ማን ነሽ አንቺ?"

"ዋስዎ ነኝ።"

ያቺ ቃል የሆነ ቦታ ደረሰች። ቀስ ብለው ተነሡ። ሽጉጡን ሲያወጡ አፈሙዙ መሬት መሬቱን እያየ ነው፣ ጣታቸው ከቃታው ውጭ ነው። ሚስታቸውን የረሱ ሰው እጃቸው ምንም አልረሳም። ካዝናውን ነቀሉ። የጎረሰውን አስተፉ። አንዴ አዩ፣ ሁለቴ አዩ፣ ሦስተኛውን ዳበሱ። መያዣውን ወደ እኔ አዙረው ሰጡኝ። ከዚያ ዓይናቸው ጠራ፤ አወቁኝ።

"ዘገየሽ" አሉኝ።

ሌላ ወቀሳ የለም፤ ይቺው ናት። ሰው ብዙ ነገር ብሎኛል በዕድሜዬ፤ እንዲህ ዘልቆ የገባ ግን አላውቅም። ሽጉጡን ፖሊስ ጣቢያ አስቀድሜ ደውዬ አስረከብኩ።

ከዚያ በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ኖሩ። በየሳምንቱ ስሄድ ወገባቸውን ይዳብሱና "ማን ወሰደው?" ይላሉ፣ ደንገጥ ብለው። "እኔ ነኝ ጋሼ፣ ዋስዎ" እላለሁ። "ጎበዝ" ይላሉ፣ ትንፋሻቸው ይመለሳል። ሻይ ሳንጨርስ እንደገና "ማን ወሰደው?" ይመጣል። አንዳንዴ በአንድ ቀን አሥር ጊዜ። ይሰለቻል፣ አልዋሽም፣ ደክሞኝ መኪናዬ ውስጥ ያለቀስኩበት ቀን አለ። አንዱንም ቀን ግን ሳልመልስላቸው አልቀረሁም፤ አንዴ ዘግይቻለሁና። ስሜ ጠፋቸው፣ የሠሩበት ፓርኪንግ ጠፋቸው፣ ግምጃ ቤቱም ጠፋቸው። ስሰናበታቸው ግን እስከ መጨረሻው ግራ ትከሻቸውን ሰጥተው ቀኝ ጎናቸውን ያሸሹብኝ ነበር። ምንም በሌለበት ወገብ!

የሞቱ ዕለት፣ ከቀብር በኋላ፣ እቤታቸው ሄድኩ። ካፖርቴን ከእጄ ሊቀበሉኝ ሲሉ እንቢ አልኩና ክንዴ ላይ ያዝኩት። እትዬ ዘይነባ ሲያዩኝ ተነሡ። ሊያቅፉኝ ሲመጡ ሰውነቴ ሳላዘው ዞረ፤ ቀኝ ጎኔን አሽሽቼ ግራ ትከሻዬን ሰጠኋቸው። እሳቸው ቆም ብለው ወገቤን አዩ።

"አለ እንዴ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"የለም" አልኳቸው። "ዋሴ ሞቶ በማን እታጠቃለሁ?"

ካፖርቴን ወንበር ላይ ጣልኩና ዞሬ በሁለቱም እጄ አቀፍኳቸው።